መርዶው ለባንክ ሆሊዴይ ተቀጠረ

የራሱን ላብ የሚወድ ሰው ካለ ኂሩት እስካሁን አላገኘችውም። ማራቶን ልሩጥ ብላ ከተነሳችበት ከጥር ወር ጀምሮ ነገሩ ሁሉ ይቀፋት ነበር። ጭንና ብብት እንዳይላጥ በቫዝሊን መለቅለቅ ይቀፋታል። ከትንሽ ፓኮ እየተጨመቀ ወደ ጉሮሮ የሚላከው፣ ጄል የሚሉት ጣፋጭ ዝልግልግ ነገር ያቅለሸልሻታል። በሰኔ የግራ እግሯ አውራ ጣት ጥፍር ጠቁሮ ሲነሳ፣ በሶፍት ይዛ፣ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ነው መጣያ ውስጥ የጣለችው። ታዲያ ማን አስገደዳት? ማንም። የጎተተቻት ጓደኛዋ ሰናይት ናት፤ ሰናይት ደግሞ እየሳቀች ስለምትጎትት እምቢ ለማለት ጊዜ አትሰጥም።

ሁለቱ ለንደን፣ ኬንቲሽ ታውን ሰፈር ውስጥ አንድ ፍላት ተካፍለው መኖር ከጀመሩ ሰባት ዓመት ሆኗቸዋል። ኂሩት ጥርስ ሐኪም ቤት እንግዳ ተቀባይ ናት። ሰናይት ሕፃናት መዋያ ትሠራለች፤ ቀኑን ሙሉ የሰው ልጅ ንፍጥ ስትጠርግ ውላ ማታ እየዘፈነች የምትገባ ሴት ናት። ከለንደን በባቡር አንድ ሰዓት ያህል ርቆ ዊሎው ፓርክ የሚባል ትልቅ መዝናኛ አለ፤ የሚሽከረከረው፣ የሚወረወረው፣ ውኃ ውስጥ የሚደፍቀው መጫወቻ ሁሉ ያለበት፣ ሆቴሉም እዚያው ግቢ ውስጥ። በየዓመቱ ከነሐሴ ባንክ ሆሊዴይ፣ ሥራ ሁሉ ከሚዘጋበት ሰኞ፣ በፊት ባለው እሑድ በዚያ ግቢ ማራቶን ይሮጣል፤ ሯጩ ሁሉ እንደ እንስሳ ለብሶ ነው የሚሮጠው። ሰናይት ማስታወቂያውን አየችና ለሁለቱም አፕላይ አደረገች። የመረጠችው ጥንቸል ነው።

"እኛ ልጅ ሆነን እንዲህ ያለ ቦታ ማን ወሰደን?" አለች።

አርባ ሁለት ኪሎ ሜትር በጥንቸል ልብስ የመሮጡ ነገር እንዲህ ተጀመረ።

የሰናይትን ሩጫ ከሁሉ በላይ የሚከታተሉት ግን ደሴ የሚኖሩት አባቷ ነበሩ። የጂኦግራፊ አስተማሪ ሆነው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። እሑድ እሑድ ስትደውል የሳምንቱን ኪሎ ሜትር ይጠይቋትና ካርታቸው ላይ ከደሴ ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው መንገድ ያሰፍሩታል። "ኮምቦልቻን አለፍሽ" ይሏታል። "አሁን ከሚሴ ገብተሻል፣ እዚያ ሙቀት ነው፣ ውኃ ጠጪ።" ድምፃቸው በስፒከር ሲመጣ ኂሩትም ወጥ ቤት ሆና ትስቃለች። ሐምሌ ሲገባ ሸዋ ሮቢት አድርሰዋት ነበር።

ሐምሌ ዘጠኝ፣ እሮብ ማታ፣ ጋሽ ደምመላሽ ኂሩትን ሃክኒ ሰፈር ያለው ቤታቸው ጠሯት። የለንደኑ የኢትዮጵያውያን እድር ሰብሳቢ ናቸው። "ብቻሽን ነይ፤ ሰናይት እንዳትሰማ" አሏት። ስትደርስ ሳሎኑ ውስጥ ስምንት ሰው ተቀምጧል።

"የሰናይት አባት ትናንት አርፈዋል" አሉ ጋሽ ደምመላሽ። "ልባቸው ነው። ዛሬ ተቀበሩ። ታናሽ ወንድሟ ካሳዬ ነው የደወለልኝ፤ እናንተ አርዱልኝ ብሎ።"

ኂሩት ማልቀስ ጀመረች፤ እነሱም እስክትጨርስ ጠበቋት። ከዚያ ወደ ሥራቸው ገቡ።

"መርዶ እንዲሁ በስልክ አይነገርም" ቀጠሉ ጋሽ ደምመላሽ። "ማለዳ ነው፤ ፊቷን ሳትታጠብ፣ ሰው ተሰብስቦ፣ የሚይዛት ሰው አጠገቧ ቆሞ። ብቻዋን ሆና አትሰማም። ወጉ ይኼ ነው።"

በዚህ ማንም አልተከራከረም፤ ኂሩትም ብትሆን። ክርክሩ የመጣው ቀኑ ላይ ነው። የጋሽ ደምመላሽ ባለቤት እትዬ የሻረግ መነጽራቸውን አድርገው የሰውን ሁሉ ሺፍት ስልካቸው ላይ መመዝገብ ጀመሩ። ቅዳሜ እሳቸው ኬር ሆም፣ አዛውንቶቹ መጦሪያ፣ ሎንግ ዴይ ናቸው፤ ከጧት እስከ ማታ። እሑድ ማለዳ ቅዳሴ አለ። በሚቀጥለው ሳምንት ሰው የሚያመላልሰው ጢሞቴዎስ ሆሊዴይ ቡክ አድርጓል። ነሐሴ ሲገባ ፍልሰታ ነው፤ ጧት ጧት ሁሉም ቤተ ክርስቲያን ነው። እንዲህ እያሉ ሳምንት በሳምንት ላይ ሰረዙና መጨረሻ ላይ እትዬ የሻረግ ቀና አሉ።

"የነሐሴው ባንክ ሆሊዴይ ሰኞ ሁሉም ኦፍ ነው።"

ሳሎኑ በሙሉ እፎይ አለ።

"እንዲያውም ጥሩ ነው" አሉ ጋሽ ደምመላሽ። "ያን ሁሉ የለፋችበትን ሩጫ እሑድ ትጨርሳለች። ሰኞ ማለዳ እናረዳታለን። እስከዚያ አባቷ ጠበል ሄደዋል፣ ስልክ አይሠራም ይበላት ካሳዬ።"

"ጋሽ ደምመላሽ፣ አርባቸውስ?" አለች ኂሩት። ስትቆጥር ቆይታ ነበር። "አርባቸው እኮ ከሩጫው በፊት ቅዳሜ ነው የሚውለው። ለቀብር አልደረሰች፤ ለአርባው እንኳ ትድረስ እንጂ።"

"አርባው እሷ ባትኖርም ይወጣል፤ ካሳዬ አለ። ለሙት ዓመቱ ትሄዳለች።"

"እርስዎ ቢሆኑ—"

"ልጄ፣ እኔ ስንቱን አርድቻለሁ። አንቺ ዝም ማለት ብቻ ነው የሚጠበቅብሽ።"

እራት ቀረበ፤ እሮብ ስለሆነ ሽሮና ጎመን ነው። ያ ሁሉ ሰው እጁን ታጥቦ ሲጎርስ፣ ሽሮው ጨው አነሰው፣ በዛበት ሲባል፣ ኂሩት ተጠይፋ አየቻቸው። ከዚያ እጇን ሰዳ ጎረሰች፤ እርቧት ነበር። በባስ ስትመለስ ከእነሱ ይልቅ ራሷ አስጠላቻት።

በማግስቱ፣ አባቷ ባረፉ በሣልስቱ ማለት ነው፣ የጥንቸል ልብሶቹ በፖስታ መጡ። ሰናይት ከኢንተርኔት ሰው የለበሰውን በርካሽ ገዝታ ኖሮ፣ ፌስታሉ ሲከፈት የማያውቁት ሰው የከረመ ላብ ሽታ ቤቱን ሞላው። ኂሩት አፍንጫዋን ይዛ ወደ መስኮቱ ሮጠች። ሰናይት ግን ሳይታጠብ እንኳ ለበሰችው፤ ጆሮዎቹን አቆመች፣ ጓንቶቹን አጠለቀች፣ ሶፋው ላይ ወጥታ ዘለለች።

"አንሺኝ፣ አንሺኝ። ለካስዬ እልክለታለሁ፤ አባባ ከጠበል ሲመለስ ያሳየዋል።"

ኂሩት አነሳቻት፤ "ፈገግ በይ" ሁሉ ብላታለች። ደሴ ለቅሶ ድንኳን ውስጥ የተቀመጠው ካሳዬ ደግሞ የሚስቅ ፊት መልሶ ላከ።

ከዚያ በኋላ የነበሩትን ሳምንታት ኂሩት እንዴት እንዳለፈቻቸው አታውቅም። ልብሱን ሦስት ጊዜ አጠበችው፤ ሽታው አለቀቀም። ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ ሰው ሁሉ ሰናይትን ከሌላ ጊዜ አብልጦ ያቅፋታል። አንዷ ራሷን ትዳብሳታለች፤ ሌላዋ "አባትሽ እንዴት ናቸው?" ብላ ትጠይቃትና ዓይኗን መሬት ትተክላለች። እንዲያው ምን ይሉታል እያወቁ መጠየቅ? ሰናይት "ጠበል ላይ ነው፣ ደህና ነው፣ እግዚአብሔር ይመስገን" ትላለች። ኂሩት አጠገቧ ቆማ ራሷን ትነቀንቃለች። ሰናይት ኪሎ ሜትሯንም ራሷ መደመር ጀምራ ነበር፤ አባቷ ሲመለሱ ደብረ ብርሃን ገብታ ልታስደንቃቸው። ይህን ስትነግራት ኂሩት ሽንት ቤት ገብታ ውኃውን ከፍታ ተቀመጠች።

ሩጫው አንድ ሳምንት ሲቀረው፣ እሑድ ማለዳ፣ ልብሱን ለብሰው ሐምስቴድ ሂዝ በሚባለው ሰፊ መናፈሻ ስምንት ኪሎ ሜትር ሊሞክሩት ወጡ። ከቅዳሴ በፊት ይመለሳሉ። ሣሩ ጤዛ አለው። ውሻ የሚያናፍሱ ሰዎች ሁለት ጥንቸሎች ሲያዩ ፈገግ ይላሉ፤ አንድ ውሻም ጅራታቸውን ሊነክስ ተከተላቸው። በአምስተኛው ኪሎ ሜትር ሰናይት ቀዘቀዘች፤ ከንፈሯ ነጣ። ኂሩት ደግፋ አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀመጠቻትና ከኪሷ ጄል አወጣች።

"እንኪ፣ ሳትወድቂ ዋጪ።"

"አልፈልግም። ቅዳሴ አለ።"

"ሰኒ፣ ትናንትም ምንም አልበላሽም እኮ። ዛሬ ደግሞ እየሮጥሽ ነው።"

"ፍልሰታን ይዤዋለሁ" አለች ሰናይት እያለከለከች። "ከገባ ጀምሮ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምንም አልቀምስም፣ ሥራ ላይም ሆኜ። አልነገርኩሽም፣ ሩጫውን አትሩጪ ትይኛለሽ ብዬ። ለአባባ ነው። ከጠበሉ እንዲያሽረው ለእመቤታችን ተስያለሁ።"

ኂሩት የያዘችውን ጄል አየችው፤ ጫፉን ቀድዳው ስለነበር ጣቷ ላይ እየተዝለገለገ ይወርዳል። ለሞተ ሰው ጤና አሥራ አንድ ቀን ጾማለች። ሞቱን እያወቁ ዝም ያሉት ደግሞ ሲጾሙ የሰነበቱት ሰዎች ናቸው፤ አብረዋት ያስቀደሱት። ኂሩትን የዚያን ጊዜ የቀፋትን ያህል ከዚያ በፊት ቆሻሻ ያለችው ምንም ነገር ቀፏት አያውቅም። ማለዳ ነበር፤ ያ ብቻ ነው ከወጉ የተሟላው።

"ሰኒ፣ አባትሽ ጠበል አልሄዱም።"

"የት ነው ታዲያ?"

"አርፈዋል።"

ሰናይት የጥንቸሉን ቆብ ከራሷ አላወረደችም። ጆሮዎቹ ግንባሯ ላይ ወድቀዋል።

"መቼ?"

"ሐምሌ ስምንት። ቅዳሜ አርባቸው ነው። ዛሬ ቲኬት ከቆረጥሽ ትደርሻለሽ፤ ለዚህ ነው የነገርኩሽ።"

"ማን ያውቃል?"

"ሁሉም።"

"አንቺስ?"

"ከማግስቱ ጀምሮ።"

ሰናይት ጓንቷን በጥርሷ ስባ አወለቀችና ስልኳን አወጣች። ኂሩት ታለቅሳለች ብላ ክንዷን ልትይዛት ተዘጋጅታ ነበር፤ እሷ ግን ለካሳዬ ደውላ ስፒከሩን ከፈተችው።

"ሰኒዬ፣ እንዴት አደርሽ" አለ ካሳዬ፣ ድምፁ ደስ እያለው።

"ደህና ነኝ። አባባ እንዴት ነው?"

"ኧረ በጣም ደህና ነው። ትናንት ሰው ልከን ነበር። ተሽሎት ፂሙን ተላጭቶ ፀሐይ ላይ ተቀምጦ አገኙት። ትንሽ ገንፎም ቀምሷል። አንቺን ጠይቋል፤ እንዳታስቢ በሏት ብሏል።"

ሰናይት እስከ መጨረሻው አዳመጠችው፤ አንዲት ቃል ጣልቃ አላስገባችም። ዝም ስትልበት ካሳዬ የገንፎውን ነገር ደገመው።

"ካስዬ" አለች በመጨረሻ። "ለአርባው እመጣለሁ። ሐሙስ እደርሳለሁ።"

ከዚያ ካሳዬ ማልቀስ ጀመረ፤ ሠላሳ አራት ቀን ከእሷ ደብቆት የከረመው ለቅሶ ነው መሰለኝ፣ ትንፋሽ እያጠረው አለቀሰ። ሰናይት ትንሽ አስለቀሰችውና ዘጋችው። ኂሩት እጇን ትከሻዋ ላይ ልታደርግ ስትዘረጋ ሰናይት ወደ ኋላ ሸሸች።

"አትንኪኝ። ትቀፊኛለሽ።"

ተነስታም ቁልቁል ወደ ኬንቲሽ ታውን መንገድ ጀመረች። ኂሩት ወንበሩ ላይ ተቀምጣ ሄዳ እስክትርቅ አየቻት። ጋሽ ደምመላሽ ብቻዋን ሆና አትሰማም ብለው ነበር። ትክክል ነበሩ፤ ይህ ነገር አሁን ኂሩትን አናደዳት፤ በተናገሩት ሁሉ ውስጥ ትክክለኛው እሱ ብቻ ስለነበረ። የሚይዛት ሰው የለም። ያለው አንድ ሰው ደግሞ ይቀፋታል። ቢሆንም ተነስታ ሃምሳ እርምጃ ያህል ርቃ ተከተለቻት። ሰናይት ዞር ስትል ትቆማለች፤ ስትሄድ ትሄዳለች። ከሂዙ ወጥተው፣ ድልድዩን አልፈው፣ ሱቆቹ ወዳሉበት ዋና መንገድ ወረዱ።

ከባስ ፌርማታው አጠገብ ሰናይት ቆመች። ደረቷን መታች፤ ደግማ መታች፤ ከዚያ "አባባ" ብላ ጮኸች። ሌላ ቃል አልጨመረችም፤ እሱኑ እየደጋገመች መሬት ላይ ተቀመጠች። ባስ የሚጠብቁት ሰዎች መንገድ ላይ ተቀምጣ የምትጮህ ጥንቸል አይተው መጀመሪያ ሳቁ። አንዲት እናት ልጇን ወደ ራሷ ሳበች። ቡና የያዘ ሰውዬ ግን ቡናውን ወደ ግራ እጁ አዛወረና እየሳቀ ስልኩን አውጥቶ ሊቀርጻት ጠጋ አለ።

ኂሩት በዚያ በሚገማ ልብስ እየሮጠች ሃምሳውን እርምጃ ጨረሰችው። ሰናይትን አልነካቻትም። በእሷና በሰውዬው ስልክ መካከል፣ ጀርባዋን ለእሷ፣ ፊቷን ለእሱ አድርጋ ቆመች፤ ሰውዬው ወደ ግራ ሲል ወደ ግራ አለች፣ ወደ ቀኝ ሲልም ወደ ቀኝ።