ለሰውአገኝ ይላክ የነበረው ቅቤ

አብዮት የአጎቴ ልጅ ነው፤ ስልኩ ላይ ያየውን ሁሉ ሳያሳድር ለሰው የሚያድል። ወንድሜ ሰውአገኝ ገና በጎልማሳነቱ በልብ ሕመም ሞቶ፣ ዳባት ገጠር እናቴ ቤት ለቅሶ ተቀምጠን ሳለ፣ እሷ እየሰማች፣ «ቅቤና ሥጋ ውስጥ እኮ በተፈጥሮው ትራንስ ፋት የሚባል ስብ አለ። የልብን ደም ሥር የሚዘጋው እሱ ነው» አለ። ያዘነ መስሎም ራሱን ነቀነቀ። ምነው ያን ጊዜ አፉን በያዝሁት!

እናቴ ይርገዱ ያን ቃል ከልቧ አስቀመጠችው። ሰውአገኝ አዘዞ ቤት ከተከራየ ጀምሮ በየገበያው ቀን ለጋ ቅቤ በጣሳ አድርጋ በሚኒባስ ትልክለት ነበር። ከሲታ ስለነበር ሁልጊዜ አንጀቷን ይበላት ነበር። «ትንሽ ሰውነት ያውጣ ብዬ ነው» ትለን ነበር።

ከአርባው በኋላ ልጠይቃት ስሄድ ላሟ አልታለበችም፤ ጥጃው እንዳሻው ይጠባል። እናቴ ፀጉሯን ተላጭታ፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ የቀረውን ቅቤ ጓሮ አመዱ ላይ በእጇ እየዛቀች ትጥላለች። ውሻ እንኳ እንዳይልሰው አመድ ታለብሰዋለች።

«ምነው እማ?»

«ልጄን የገደልሁበት ነው።»

ደሜ ፈላ። እኔ ዩኒቨርሲቲ የማስተምረው ሥነ ምግብ ነው፤ እንጀራዬ ነው። አጠገቧ ቁጭ አልሁ።

«ስሚኝ እማ። ላም የበላችው ሣር ሆዷ ውስጥ ሲብላላ ያ ስብ በጥቂቱ ይፈጠራል፤ ወተቷም ሥጋዋም ውስጥ ይገባል። ቅቤሽ ውስጥ ያለው ትንሽ ነው። ክፉነቱ በደንብ የታወቀው ፋብሪካ ዘይት ሲያረጋ የሚፈጠረው ነው። ቅቤም ሲበዛ ለልብ አይበጅም፤ አልዋሽሽም። ሰውአገኝን ግን ቅቤ አልገደለውም። አብዮት ያልገባውን ነው የቀባጠረው።»

ከቀብሩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላ አየችኝ። ፊቷ ፈታ አለ። እኔም ሞኟ ደስ አለኝ።

«ታዲያ ልጄን ምን ገደለው?»

መልሱን አውቀዋለሁ፤ ሐኪሙ ነግሮኛል። ዝም ብል በወደድሁ። ዝም ካልሁ ግን ወደ አመዱ ልትመለስ ነው።

«ደም የሚያሳልፉት የልቡ በሮች ጠባሳ ይዘው ነበር። በልጅነቱ ጉሮሮውን ሲያመው የጀመረ ነው፤ የጉሮሮ ሕመም ካልታከመ ውሎ አድሮ ልብን ይጎዳል። ያኔ መድኃኒት ቢያገኝ ኖሮ…»

እናቴ እጆቿን ተመለከተች። እስከ አንጓዋ ቅቤና አመድ ነው። ያኔ ጤና ጣቢያው ሩቅ ነበር፤ ጉሮሮው ባበጠ ጊዜ አገሩ ሁሉ እንደሚያደርገው እንጥሉን አስቆረጠችው። ጩኸቱን ከደጅ ሆኜ ሰምቻለሁ።

«ትኩሳቱ ሲለቀው ዳነልኝ ብዬ እልል አልሁ» አለች።

«አላወቅሽም እማ። ማንም አላወቀም።»

«እጁን የያዝሁት እኔ ነበርሁ። ‹እማ ልቀቂኝ› ይለኝ ነበር።»

አቅፌያት አለቀስሁ። እሷ አላለቀሰችም። ቆይታ ከእቅፌ ወጣችና ጣሳው ውስጥ የተረፈውን በጣቶቿ መጥረግ ጀመረች።

«ልጄ» አለችኝ፤ «ይኸን ለማንም እንዳትነግሪ። ቅቤው ነው በይ። ቅቤውንስ እየሳቀ ነው የበላልኝ።»