ንብ ሬሳ ላይ አታርፍም

እናቴ ትሙት፣ ይህ ታሪክ ከጫፍ እስከ ጫፍ እውነት ነው። «እናትህማ ከሞተች ቆየች» የሚል የአምቦ ሰው አይጠፋም፤ እሺ፣ አባቴ ይሙት። እሱ አልሞተም፣ ጉደር ቁጭ ብሎ እኔን ይረግማል።

በ2012 ዓ.ም. ጥር ላይ ፉአድ የሚባል ሰው አምቦ ባዛር ላይ ድንኳን ተክሎ የሰም ሰዎች አመጣ። ንጉሥ፣ ቦክሰኛ፣ ሙሽራ። ሰም እንደሆኑ በድምፅ ማጉያ ቢለፈፍም ማን ይሰማል! ገበያተኛው ትኬት ቆርጦ ይገባና ኮፍያውን ያወልቃል። ኦቦ ረጋሳ ከደንዲ በሬ ሊሸጡ መጥተው ንጉሡን «አካም ጅርቱ?» ብለው ደህንነቱን ጠየቁት፤ መልስ ሲያጡ «ኩራቱ!» ብለው ተቀየሙ። አንዲት ሴትዮ ደግሞ ሙሽራዋ ፊት ደረቷን መታ መታ አድርጋ፣ «ነፍስ ይማር» ብላ፣ እንባዋን ጠርጋ ወጣች። ወዲያው ሌላ ትኬት ቆርጣ ተመለሰች። የሰው ሞት እንዲህ ነው፤ የራስ ካልሆነ አይጠገብም።

እኔ አያና፣ ስምንተኛ ክፍልን ሁለቴ ጀምሬ አንዴም ያልጨረስኩት፣ ፉአድ ዘንድ ጠጋኝ ሆኜ ተቀጠርኩ። ቀትር ላይ የንጉሡ አፍንጫ ሲወርድ በጣቴ ወደ ላይ እገፋለሁ። እንዲህ እንዲህ እያልኩ ፊት መሥራት ለመድኩ።

አንድ ቀን እትዬ ዘቢደር መጡ። ልጃቸው ታምራት የጭነት መኪና ረዳት ነበር፤ ከጌዶ ወዲያ ሄዶ ከነመኪናው ከቀረ ዓመት አልፎታል። ሞቷል ብሎ ያልደመደመ ሰው የለም፤ እሳቸውም ልባቸው ያውቀዋል። ግን አላለቀሱም። መናኸሪያ ቆመው ከነቀምት የሚገባውን አውቶቡስ ሁሉ ያያሉ።

«አንተ ቀልማዳ» አሉኝ፣ «ይሄን እጅህን ለቁም ነገር አውለው። ታምራቴን ሥራልኝ።»

«ምን ሊሆንዎ እትዬ?»

«ልቀብረው። ባዶ አልጋ ላይ እንዴት ይጮሃል? አንዴ አልቅሼለት ልረፍ።»

ቀልድ አጣሁ። እኔ!

የእድሩ ዳኛ ጋሽ ደግፌ መጀመሪያ አሻፈረኝ አሉ። «እድሩ ሰው ነው የሚቀብረው፤ ጧፍ አይቀብርም!» ኋላ ግን ጢማቸውን እያሻሹ፣ «አባቴ ሲያወሩ፣ ዱሮ ርቆ ሄዶ ለሞተ ሰው ምስሉ ተሠርቶ፣ ልብሱን ለብሶ ይለቀስለት ነበር። ይሁን፣ ድንኳኑን እሰጣለሁ። ቄሱን ግን እናንተው ተሟገቱ» አሉ። ቄሱ ፍትሐቱን እምቢ ብለው፣ ለማጽናናት ግን መጡ።

ሰሙን ከጌዶ ገበያ ገዛሁ፤ ገና ከቀፎ የወጣ፣ ማር ማር የሚል። ፉአድ «ደጋግመህ አፍላና አጣራው» ብሎኝ ነበር፤ አንዴ አፈላሁት፣ በቃኝ። ፊቱን ከፎቶ እያየሁ ሠራሁት፣ ቅንድቡ ላይ ያለችውን ጠባሳ እንኳ አልረሳሁም። የገዛ ሸሚዙን አለበስነው። እትዬ ዘቢደር ሲያዩት የሸሚዙን ኮሌታ አስተካከሉለት። «ልጄ፣ መጣህ?» አሉ።

የለቅሶው ቀን ድንኳኑ ሞላ፤ ግማሹ ለለቅሶ፣ ግማሹ ለትርኢት። ትኬት የለውማ! አልቃሿ ድንቅቱ ድምጿን ሞረደች። እትዬ ዘቢደር ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለበሱ። ያ ዓመት ሙሉ የታፈነው ጩኸት ጉሮሯቸው ላይ ሲደርስ በዓይኔ አየሁት።

ይሄኔ አንዲት ንብ መጥታ ታምራት ከንፈር ላይ አረፈች። ሌላ ተከተለች። ከዚያ መንጋው ግር ብሎ ገባ፤ የልጁ ፊት ጠፍቶ ንብ ብቻ ሆነ። ድንቅቱ ሙሾዋን አቋርጣ በአግዳሚው ላይ ዘላ ወጣች። ጋሽ ደግፌ በጋቢ ተጀቡነው ሲሮጡ የድንኳኑን ምሰሶ ይዘውት ሄዱ።

እትዬ ዘቢደር አልተነቃነቁም። አንዷም አልነደፈቻቸውም።

«አያና፣ ንብ ሬሳ ላይ ታርፋለች?»

«ኧረ እትዬ፣ ሰሙ እኮ...»

«መልስልኝ! ታርፋለች?»

«አታርፍም።» ምን ልበል? ሬሳ ላይ የሚያርፈው ዝንብ ነው፤ ንብ ትጸየፋለች። ሕፃን ያውቀዋል።

«ልጄ አልሞተም» አሉ። ነጠላቸውን ገልብጠው ወደ ደህናው መለሱት፣ እልል አሉ፣ ወደ መናኸሪያ መንገድ ጀመሩ።

ሮጬ ደረስኩባቸው። «እትዬ፣ ሰሙን ሳላጣራው ቀርቼ ነው! ማሩ ሸቷቸው ነው የመጡት!»

«አንተ ደግሞ» አሉኝ ሳይዞሩ፣ «መቼ እውነት ተናግረህ ታውቃለህ?»

ያንን ሰም ማንም አልቀበረውም። ፉአድ አቅልጦ የንጉሡን አፍንጫ ጠገነበት። እትዬ ዘቢደር ዛሬም መናኸሪያ ናቸው። የነቀምት መኪና ሲገባ ከሚቀመጡባት ድንጋይ ይነሳሉ፤ የመጨረሻው ሰው ሲወርድ ይቀመጣሉ። ወያሎቹ መጀመሪያ ይቀልዱባቸው ነበር፤ አሁን መቀለዱም ሰልችቷቸው ትተውታል። እንባቸው እንደታቆረ አለ።

አንድ ነገር ግን ከራሴ ጨምሬያለሁ። ንቦቹን አይደለም። እልልታውን ነው። እልል አላሉም፤ ነጠላቸውን ገለበጡና ዝም ብለው ሄዱ።