ለአረፋ የተመረጠ ጎማ

ፈቃደ ከሱቁ ጥግ አንድ የባጃጅ ጎማ እያንከባለለ አምጥቶ ዛህራ እግር ሥር አቆመው።

“ይኸው እህቴ፣ ኦሪጅናል ነው። ባለቤትሽ ሲመጣ ይየው።”

“ለባጃጅ አይደለም” አለች ዛህራ። “ቀጭን ያልኩህ የትራክተር ጎማ ነው። ለትንሿ ትራክተር፣ ለኋላዋ።”

ፈቃደ ጎማውን እንደያዘ በትከሻዋ አሻግሮ ወደ በሩ ተመለከተ፤ የትራክተሩ ሰው ከኋላ እየመጣ መሆን አለበት ብሎ። እውነትም እየመጣ ነበር። ሙስተፋ ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ፣ ነጭ ጫማውን ከጭቃው እያሸሸ ከድንጋይ ድንጋይ ይዘላል። የባሏ የዑመይር ታላቅ ወንድም ነው፤ ለአረፋ ከአዲስ አበባ የገባው ትናንት ነው። ዑመይር እንደ ልማዱ ከኋላ ከኋላው ይከተለዋል።

“ሃጂ! እንኳን ደህና መጡ!” አለ ፈቃደ፣ የባጃጁን ጎማ ወደ ጎን እየገፋ።

ሙስተፋ መካ ሄዶ አያውቅም። መርካቶ ውስጥ መጋረጃ ይሸጣል። ፈገግ ብሎ “አልሐምዱሊላህ” አለ እንጂ አላረመውም። ዛህራ መሬት መሬቱን አየች። ሰው ሲዋሽ አይን አይኑን ማየት አትወድም፤ የምታፍረው እሷ ናት።

ትራክተሯን ለቤተሰቡ የገዛት ሙስተፋ ነው። ከገዛት ጀምሮ ስልክ በደወለ ቁጥር “ትራክተሬ እንዴት ናት?” ይላል፤ ስለ እናቱ ጤና የሚጠይቀው ከዚያ በኋላ ነው። አምና ጎማዋ ያለቀ ስለነበር ማሳው መሃል ሰምጣ ቀረች፤ ጎትተው ያወጧት በሬዎች ናቸው። እሷን ሲጠብቅ የከረመው የበርበሬ ችግኝ መደብ ላይ እንዳለ አበባ አወጣና ተበላሸ። ዘንድሮም ችግኙ ደርሷል። በዚህ ሳምንት ማሳው ታርሶ ካልተተከለ፣ ቤቱ ሌላ አንድ ዓመት ያለ በርበሬ ያልፋል፤ ያለ በርበሬ ማለት ደግሞ ያለ ምንም ማለት ነው።

ፈቃደ ለትንሽ ትራክተር የሚሆን ሁለት ዓይነት ጎማ ነበረው። አንደኛው ቀጭን ነው፤ ጥርሶቹ ረጃጅምና የተራራቁ፣ አቧራ የጠጣ። ሌላው ሰፊና የሚያብረቀርቅ፣ ጥርሱ አጭርና ጥቅጥቅ ያለ፤ የሆቴል ግቢ ሣር ለሚያጭዱ ትራክተሮች የተሠራ። ሙስተፋ ሰፊውን እንደ ወፍራም ጨርቅ በመዳፉ ዳበሰው።

“ይኼ ነው ትራክተር የሚያስመስላት!”

“ጋሼ ሙስተፋ” አለች ዛህራ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ “መሬታችን መረሬ፣ የሚያጣብቅ ጥቁር አፈር ነው። ሲዘንብ ጭቃው እዚህ ጥርስ መሃል ይሞላና ጎማው ልሙጥ ይሆናል። አምና እንደሆነው ትሰምጣለች። ሰፊ ስለሆነም ለኩትኳቶ ስንገባ መደዳ መደዳውን ችግኝ ይረግጣል።”

“ዛህራ፣ እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ዕቃ ስመርጥ የኖርኩ ሰው ነኝ።”

መጋረጃ፣ አለች በልቧ።

“እንግዶቼ ከነመኪናቸው ነው የሚመጡት” ቀጠለ ሙስተፋ። “ልጆቻቸውን ጭኜ ከአስፋልቱ እስከ ቤት ልነዳት ነው። በዚህ ቀጭን እግር? ፍየል አስመስለሽ ልታሳፍሪኝ ነው?”

ፈቃደ ከት ብሎ ሳቀ። “ሃጂ ደግሞ ጨዋታ ያውቃሉ!”

ዛህራ ወደ ባሏ ዞረች። “ዑመይር፣ ትናንት ምን አልከኝ?”

ዑመይር መደርደሪያው ላይ የተቀመጠ የዘይት ጣሳ አንስቶ ጽሑፉን ያነብ ነበር። ትናንት “ጥርሳሙ ነው የሚሻለን” ብሏት ነበር፤ ያውም አፉን ሞልቶ።

“ሁለቱም ጥሩ ናቸው” አለ ለጣሳው። ከዚያ ጠጋ ብሎ “ከአረፋ በኋላ እንቀይረዋለን” አላት።

“ከአረፋ በኋላ ችግኙ አብቦ ይጠብቀናል።”

ዑመይር ወደ ጣሳው ተመለሰ። በፊት በፊት ወንድሙ ፊት እንዲህ ሲያንስ ታዝንለት ነበር። አሁን ግን እንደማያውቁት ሰው አለፈችውና ስልኳን አውጥታ በሬ ለሚያከራየው ለባልቻ ደወለች።

“ጋሽ ባልቻ፣ እንደምን ዋሉ? በሬዎቹ ነገ ሥራ የላቸውም? … አዎ፣ የእኛው ማሳ፣ መንገድ ዳር ያለው። … ትራክተሯማ አለች፤ በጫማዋ አልተስማማንም።”

የሙስተፋ እጅ ከጎማው ላይ ወረደ።

“ምን ማለትሽ ነው? ትራክተሬ ደጅ ቆማ በበሬ ልታሳርሺ? መንገድ ዳር? በአረፋ ሰሞን?”

“ችግኙ አይጠብቅም፣ ጋሼ።”

“ሰው ምን ይላል? ሙስተፋ የገዛው ዕቃ አይሠራም ይበሉ?”

ዛህራ ለማስፈራራት ብላ አልደወለችም። የእናቱ ማሳ ሲበላሽ ያልደነገጠ ሰው፣ በመኪና መስኮት ለሚያዩት ሲል ግንባሩ ላይ ላብ ችፍ ሲልበት ግን አየች። ትልቅ ሰው መስሏት ይኼን ሁሉ ዓመት ዓይኑን ለማየት መፍራቷ አስገረማት።

“ጥርሳሙን አውጣ!” አለ ሙስተፋ ፈቃደን።

“እኔም ከመጀመሪያው እሱን ልልዎት ነበር፣ ሃጂ።”

ጎሚስታው ጎማዎቹን ሱቁ ደጅ በቆመችው ትራክተር ላይ ገጠማቸው። ዛህራ ጣቷን በጥርሶቹ መሃል አሳልፋ ጥልቀቱን ለካች። ጭቃ አይዘውም። ዑመይር እየሳቀ መጣ።

“አየሽ? ወንድሜ እኮ ልቡ ጥሩ ነው።”

“ነገ በማለዳ ታስገባታለህ” አለችው።

“የት ነው የምትገባው?” አለ ሙስተፋ ከወዲያ። “አዲስ ጎማ ጭቃ ውስጥ? እንግዶቼ ተለውሳ ሊያይዋት ነው? አጥባችሁ፣ ሸራ አልብሳችሁ አቁሙልኝ። አረፋ ይለፍና እንደፈለጋችሁ።”

“እሺ” አለ ዑመይር።

“አንቺም ለዚያ ሰውዬ ደውለሽ አትምጣ በይው። በሬ በዚያ እንዳላይ።”

ዛህራ “እሺ” አለችና ስልኳን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

አልደወለችም። በማግስቱ ባልቻ በሬዎቹን ነድቶ መንገድ ዳር ካለው ማሳ ሲደርስ፣ ዛህራ ችግኙን ከመደብ እየነቀለች ነበር።