ለብብት የሚሆን ጨርቅ

የኢንጂነሩ ጠረጴዛ ሰኞ ጠዋት ከመሬት በታች ወዳለው ዕቃ ቤት ወረደ። ሁለት የጉልበት ሠራተኞች ከነመሳቢያው ተሸክመውት ሲያልፉ፣ በሥራ አስኪያጁ ቢሮ በር ላይ የምትቀመጠው ጸሐፊ ቀና ብላ አላየችም። በዚያ የግንባታ ድርጅት ሰው አይባረርም፤ ጠረጴዛው ይወርዳል። የቀረውን እርጥበቱና ዝምታው ይጨርሱታል። ከዚህ ቀደም የወረዱት ሁሉ ብዙም ሳይቆዩ በገዛ ፈቃዳቸው ለቀዋል።

የኢንጂነሩ ጥፋት አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር። አዲሱን ትምህርት ቤት ሊረከቡ በመጡት ሰዎች ፊት፣ "ይህ ደረጃ ፈርሶ ካልተሠራ ልጆች አይውጡበት" ብሏል።

"ጋሼን መሬት ዋጠቻቸው" አላት የድርጅቱ ሾፌር፣ የመኪናውን ቁልፍ በጣቱ እያሽከረከረ። "የልጆቹን ደረጃ ሲሉ የራሳቸውን ወረዱ።"

"አንተ ደግሞ አፍህ አያርፍም!" አለችው ጸሐፊዋ።

ሳቋ ግን አመለጣት። ያ ሳቅ ቀኑን ሙሉ አላስቀምጥ አላት፤ ተነሳች፣ ተቀመጠች፣ የዘጋችውን መስኮት መልሳ ከፈተች።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ሰበብ ፈልጋ ወረደች። ውኃ ከሚያንጠባጥበው ቧንቧ አጠገብ፣ በሲሚንቶ ከረጢቶች መካከል፣ ኢንጂነሩ ኮቱን እስከ አንገቱ ቆልፎ ተቀምጧል። ከልጅነቱ ጀምሮ አስም አለበት።

"ምን ልታዘዝ ልጄ?" ብሎ ሊነሳ ሲል ሳሉ መልሶ አስቀመጠው።

"እንዴት ነዎት ጋሼ?"

"ምን እሆናለሁ? ስልክ አይጮህብኝ፣ አለቃ አይመጣብኝ። ጡረታዬን አስቀድመው ሰጡኝ በይው።" ፈገግ አለ፤ ትንፋሹ ግን ያፏጫል። "ደረጃውን ነክተውታል?"

"አልሰማሁም።"

"አንቺ የማትሰሚው ነገር አለ እንዴ?"

ወደ ላይ ስትመለስ ወንበሯ ላይ ሳትቀመጥ በቀጥታ የሥራ አስኪያጁን በር አንኳኳች። እንጀራዋ ያለው በዚህ ሰው እጅ ነው፤ የእናቷም መድኃኒት እንዲሁ።

"ጌታዬ፣ ኢንጂነሩ እዚያ ታች ይሞታሉ። አስም አለባቸው።"

የጠበቀችው ቁጣ ነበር። እሱ ግን ለዘብ ብሎ፣ "እኔስ ጠላቱ ነኝ እንዴ?" አላት። "ነገ ጠዋት ይውጣ። ብቻ በሠራተኛው ስብሰባ ላይ ይነሳና 'ስለ ደረጃው ተሳስቻለሁ' ይበል። አንቺን ይሰማሻል፤ ንገሪው።"

"እሺ" አለች። ቀልሏት ወጣች፤ መቅለሉ ግን እቤቷ እስክትደርስ እንኳ አልቆየም።

እናቷ ዳሌዋ ከተሰበረ ወዲህ በራሷ አትነሳም። እንደ ልማዷ በሁለት እጇ ብብቷን ይዛ ከወንበሩ ወደ አልጋው ስታዛውራት እናትዬው ጮኸች።

"ቀስ በይ! ብብቴን ላጥሽው እኮ! ዛሬ ደግሞ ማን ነው የሚያባርርሽ?"

"ይቅርታ እማዬ።"

ከዚያም እንደ ሁልጊዜው አንድ ምዕራፍ ልታነብላት መጽሐፍ ቅዱሱን ገለጠች። ተራው የኤርምያስ ነበር። ነቢዩን እውነት በመናገሩ ጭቃ ወዳለበት ጉድጓድ ጥለውታል። ከንጉሡ ቤት አገልጋዮች አንዱ የሆነው አቤሜሌክ፣ ንጉሡ በከተማይቱ በር ተቀምጦ ሳለ ሄዶ ስለ እሱ ለመነ። ሲፈቀድለትም ገመድ ብቻ ይዞ አልሄደም፤ አሮጌ ጨርቅ ፈልጎ አወረደለትና፣ ገመዱ እንዳይጎዳው በብብቱ ሥር እንዲያደርገው ነገረው።

"ቆይ፣ ቆይ! የጨርቁን ድገሚልኝ" አለች እናቷ።

ደገመችላት።

"አየሽልኝ ይህን ሰው? የሚያድነው ነፍስ ነው፤ እሱ ለብብት ይጨነቃል! እኔን ከወደቅኩበት የጎተተኝ ሁሉ አተረፍኩሽ ይለኛል። ብብትሽን አመመሽ ወይ ያለኝ ግን አንድም የለም። የገዛ ልጄን ጨምሮ።" ሳቀች።

ልጇ አልሳቀችም። መጽሐፉን ዘግታ ሽፋኑን ስትደባብስ ቆየች። ለሥራ አስኪያጁ "እሺ" ያለችበት ድምፅ ጆሮዋ ላይ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት እናቷን ከአልጋ ስታነሳ፣ ያረጀ ፎጣ አጥፋ በብብቷ ሥር አደረገች። እናቷ ክብደቷን ሳትሰጋ ለቀቀችላት።

ሥራ ስትደርስ ሥራ አስኪያጁ በድርጅቱ በር ላይ ቆሞ የሚገቡትን ሠራተኞች ሰላም ይላል። ሾፌሩ መኪናውን ተደግፎ ቁልፉን ያሽከረክራል። እስከ ዛሬ ከሥራ አስኪያጁ ጋር የተነጋገረችው ሁሉ በሩ ተዘግቶ ነበር፤ አሁንም ቢሮው እስኪገባ መጠበቅ ትችላለች። አልጠበቀችም፤ ወደ እሱ ሄደች።

"እህ፣ ነገርሽው?" አላት።

ሠራተኞቹ ዘወር ብለው አዩዋቸው። ቁልፉ በሾፌሩ ጣት ላይ ቆመ።

"ኢንጂነሩን ላወጣቸው እየወረድኩ ነው" አለች። "ተሳስቻለሁ ይበሉ ብዬ ግን አልነግራቸውም።"