መስታወት ገጣሚው ላሜራ የጫነ ዕለት

ልጄ መስታወት ገጣሚ ነው። ከተማው መታመስ ከጀመረ ወዲህ እጁ ከስቱኮ ተላቆ አያውቅም፤ ማታ በድንጋይ ይሰብራሉ፣ ጠዋት እሱ ይገጥማል። እኔ ደግሞ ወንበሬን መስኮቱ ሥር አድርጌ፣ መድኃኒት ቤት የምትሠራውን የልጅ ልጄን እጠብቃለሁ። ቀይ ቦርሳዋ ከመንገዱ ጥግ ብቅ እስኪል ነፍሴ መለስ አትልም።

ልጅቷ መሄድ ትፈልጋለች። ውጭ ያለች አክስቷ "ነይ" ብላታለች። አባቷ ግን እሺ አላለም። እኔማ ምኑን ልበል? ብትቆይ ድንጋይ ያገኝብኛል፤ ብትሄድ ዓይኗን ሳላይ ልሞት ነው።

አንድ ቀን ምሳ ላይ፣ "አባዬ፣ እነዚያን ድንጋይ ወርዋሪዎች ሻይ ጋብዛቸው እንጂ፤ ቀጣሪዎችህ እኮ ናቸው" አለችው።

"ቀልጂ አንቺ። ይሄ እኮ ዓለም የሚፈራው አገር ነው። ስንቱን ጦርነት አልፎ በመስታወት ስብርባሪ ሊወድቅ? የአደባባዩን ባንክ አታዪም? በሰበሩት ቁጥር በማግስቱ አዲስ ያስገጥማል። ትልልቆቹ ሰዎች መስታወት እስካዘዙ ድረስ የትም አትሄጂም።"

"ማዘዝ ካቆሙስ?"

"ያን ጊዜ ሻንጣሽን እኔው እሸከማለሁ።"

"እማማ፣ ሰምተሻል፤ ምስክሬ ነሽ!"

"እኔን ከዚህ አታግቡኝ" አልኩ። ከዚያ ወዲያ ግን ደጃፉን ረግጬ ለማላውቀው ባንክ መጸለይ ጀመርኩ።

ሬዲዮው መርከቦቻችን የሩቅ ባሕር እየጠበቁ ነው ይላል። የእኔን ልጅ ከሥራዋ እስከ ደጃፏ የሚሸኝ አንድ ወታደር ግን ጠፋ። ይህን ስል ልጄ "እማዬ፣ ፖለቲካ ተዪ" ይለኛል።

ባለፈው ሐሙስ ባንኩ እንደገና ተሰበረ። ልጄ በጠዋት ሜትሩን ይዞ ወጣ። ከቀትር በኋላ ሲመለስ ጋሪው ላይ የጫነው ላሜራ ነው።

"ምንድን ነው እሱ?"

"የባንኩ ትራፊ። መስታወት ይቅር፣ ፊቱን በሙሉ ድፈነው አሉኝ።"

"ለጊዜው ይሆናላ፤ ነገሩ እስኪበርድ…" አልኩ። አገሩ አለቀለት ስል የከረምኩት ሴትዮ፣ በዚያች ሰዓት ለአገሩ ጠበቃ ሆኜ አረፍኩት።

"እማዬ፣ ክፈፉን ጭምር አስነቀሉኝ። መስታወት ሊመልስ ያሰበ ሰው ክፈፍ አያስነቅልም።"

ይህን ብሎ ወንበሬን ገፋ አደረገና ላሜራውን የእኛው መስኮት ላይ ለካ።

"ተው ልጄ! ልጅቷን የማያት እኮ በዚህ ነው!"

"ድንጋዩ መጀመሪያ የሚያገኘው አንቺን ነው" አለ፤ ዞር ብሎም ሳያየኝ ላሜራውን ቸነከረው። ቤቱ በጠራራ ፀሐይ ጨለመ። መብራት አበራን።

ያን ቀን ልጅቷ ስትመጣ አላየኋትም፤ በሩ ሲንኳኳ ክው አልኩ። ገብታ ላሜራውን አየች፣ አባቷን አየች። እሱ ከአልጋው ሥር ሻንጣውን ጎተተና አቧራውን በእጅጌው ጠረገ።

"ለአክስትሽ ደውዪላት" አላት።

እሑድ ጠዋት ሄደች። ጉልበቴ ደረጃ አይወርድልኝም፤ አንገቷን አቅፌ እላይ ቀረሁ። አባቷ እንዳለው ሻንጣዋን ተሸከመላት። እኔም እንደ ልማዴ ወንበሬን ወደ መስኮቱ አዞርኩና ጆሮዬን ላሜራው ላይ ለጠፍኩ። እርምጃዋን ለየሁት፤ ፈጠን፣ ፈጠን የሚለው የእሷ ነው። እስከ ጥጉ ድረስ ተከተልኩት። ከጥጉ ወዲያ የማንም እግር ሆነብኝ።