ዘመድ የሌለበት ሀገር

ሀብትነሽ ብቻዋን ሞምባሳ ልትሄድ መሆኗን ለልጆቿ የነገረቻቸው እሁድ ከምሳ በኋላ፣ ሳህኑ ገና ሳይነሳ ነው። ታዲዎስ በመጀመሪያ በትክክል የሰማ አልመሰለውም።

«ሞምባሳ ማን አለ?»

«ማንም።»

«የቤተ ክርስቲያን ጉዞ ነው?»

«አይደለም።»

«ታዲያ ምን ልታደርጊ?»

«ባሕሩን ላየው።»

ታዲዎስ ወደ እህቱ ወደ ሰብሊ ዞረ፤ ሰብሊም አፈጠጠችበት። ሁለቱም ያሰቡት አንድ ነገር ነው፤ እናታችን ታማ ደብቃናለች።

«እማዬ፣ ሐኪም ምን አለሽ?» አለች ሰብሊ።

«ሐኪም ዘንድ አልሄድኩም። ደህና ነኝ። ሰው ሀገር ለማየት የግድ መታመም አለበት?»

በእርግጥ ልጆቹ አይፈረድባቸውም። ከቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ጀርባ ባለው በእነሱ ሰፈር፣ ሴት ከሀገር የምትወጣበት ምክንያት የታወቀ ነው። ወይ አረብ ሀገር ለሥራ፣ ወይ ልጇን ልታርስ አሜሪካ፣ ወይ ለሕክምና፣ ወይ ኢየሩሳሌም ለመሳለም ነው። ዝም ብሎ ለማየት የሄደች የለችም።

ሀብትነሽ ጡረታ እስክትወጣ ድረስ ካዛንቺስ በሚገኝ አንድ መሥሪያ ቤት ስልከኛ ነበረች። አለቆቿ ናይሮቢና ሞምባሳ ሲደውሉ መስመሩን ለምና፣ ተቆጥታ፣ ጠብቃ የምታገናኘው እሷ ናት። የሚፈለገው ሰው እስኪቀርብ ድረስ የሞምባሳው ስልከኛ በተሰባበረ እንግሊዝኛ ያጫውታት ነበር። ዛሬ ባሕሩ ተቆጥቷል ይላታል፤ ሌላ ቀን ደግሞ ዛሬ ተኝቷል። ሀብትነሽ ያየችው ትልቅ ውሃ ቢሾፍቱ ያለውን ሐይቅ ብቻ ነበርና ውሃ እንዴት እንደሚቆጣ ማሰብ ያቅታት ነበር። ከዚያ ባሏ ሞተ፤ ልጆች አሳደገች፤ ዳረች። ጡረታ ስትወጣ ልጆቿ ሶፋ ገዙላት። ሶፋው ላይ ተቀምጣ ነው ጉዞውን ያሰበችው።

አስባም አልቀረች። በስልኳ ሆቴል ፈልጋ አገኘች። ለኬንያ ቪዛ እንደማያስፈልጋት አረጋገጠች። ከናይሮቢ ሞምባሳ የሚወስደው ባቡር በመንገዱ ዝሆን እንደሚያሳይም አንብባለች።

«እሺ፣ በቃ ዱባይ እኛ እንውሰድሽ» አለ ታዲዎስ። «ማለቴ፣ ከእኛ ጋር።»

«ሄጄ ልጆቻችሁን ሳባብል ልመለስ? ብቻዬን ነው የምሄደው።»

ታዲዎስ ከዚያ በኋላ አልተከራከረም። ሊወጣ ሲል ግን ፓስፖርቷን «ጊዜው እንዳያልፍ እስኪ ልየው» ብሎ ተቀበላትና ገላልጦ አይቶ ኮት ኪሱ ውስጥ ከተተው።

«እስክንነጋገር እኔ ጋ ይቀመጥ።»

ሀብትነሽ ብድግ ስትል በሩ ተዘግቶ ነበር።

በማግስቱ ዙለይካ ልትጠይቃት መጣች። ዙለይካ ካዛንቺስ ምግብ ቤት ነበራት፤ ሀብትነሽ በሥራ ዘመኗ ምሳ የምትበላው እዚያ ነው። ሰፈሩ ሲፈርስ ዙለይካ ከከተማው ዳር ኮንዶሚኒየም ደረሳት፤ አሁን ለመገናኘት ሁለት ታክሲ መያዝ ያስፈልጋል። የፓስፖርቱን ነገር ስትሰማ የያዘችውን ብርጭቆ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«ሀብትዬ፣ እኔ ቤይሩት ሳለሁ ማዳሜ ፓስፖርቴን ቁምሳጥን ውስጥ ቆልፋበት ነበር። እናቴ ስትሞት ስጪኝ ብዬ እግሯ ላይ ወድቄያለሁ። ለራስሽ ደህንነት ነው ነበር የምትለኝ።»

«ታዲዎስ እኮ ስለሚወደኝ ነው።»

«እሷም ትወደኝ ነበር» አለች ዙለይካ። «እንደ ልጄ ነሽ ትለኝ ነበር።»

ሀብትነሽ ተነስታ ጫማዋን አደረገች፤ ነጠላዋን ትታ ካፖርቷን ለበሰች። ዙለይካ አብሬሽ ልሂድ ብትላት እንኳ እንቢ አለች።

ታዲዎስ የሚሠራው ባምቢስ አካባቢ በሚገኝ ባንክ፣ ብድር ክፍል ነው። በሩ ላይ ያለው ጥበቃ ገና ሲያያት ለያት።

«እማማ፣ የታዲዎስ እናት አይደሉም እንዴ? ይግቡ፣ እርስዎ ወረፋ አያስፈልግዎትም።»

«ዛሬ እናት ሆኜ አልመጣሁም። ወረፋ ስጠኝ።»

ቁጥሯን ይዛ ከሰዉ ጋር ተቀመጠች። ታዲዎስ በመስታወቱ ውስጥ ሲያያት በእጁ ጠቀሳት፤ እንዳላየች ሆነች። ቁጥሯ ሲጠራ ሄዳ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች።

«እማዬ! ምነው ሳትደውዪ?»

«ፓስፖርቴን ስጠኝ።»

«እዚህ? ማታ ቤት እመጣለሁ፣ እናወራለን።»

«ማታ አይሆንም። ከዚህ ቲኬት ልቆርጥ ነው የምሄደው።»

«እባክሽ ድምፅሽን ቀንሺ።»

ባይላት ይሻለው ነበር። ሀብትነሽ በተበላሸ መስመር ናይሮቢ ድረስ ስታሰማበት የኖረችውን ድምፅ አወጣች።

«ፓስፖርቴን ወስደህብኛል! የራሴን ዕቃ ልቀበል ነው የመጣሁት!»

ብር የሚቆጥረው ማሽን እንኳ ዝም ያለ መሰለ። አንድ ወረፋ የሚጠብቅ ሰውዬ ከወንበሩ ሳይነሳ «ስጣት እንጂ ወንድሜ» አለ። ታዲዎስ ፊቱ ቲማቲም መሰለ። ጎንበስ ብሎ በሹክሹክታ፣

«አባዬም ለሦስት ቀን ብሎ ነው የሄደው» አላት።

ይህን አልጠበቀችም። ታዲዎስ ገና ልጅ ሳለ አባቱ ለመስክ ሥራ ወጥቶ መኪናው ገደል ገብቶ ነው የሞተው። ታዲዎስ ስለዚያ ቀን አንድም ጊዜ አውርቶ አያውቅም። እጇን ዘርግታ ጉንጩን ልትነካው ፈለገች፤ ከነካችው ግን ፓስፖርቱን ትታለት እንደምትወጣ ስላወቀች እጇን ጭኗ ላይ አጥብቃ ያዘችው።

«ስማኝ ልጄ» አለች፣ አሁን ዝግ ብላ። «አባትህ መንገድ ሄዶ ቀረ። እኔ ደግሞ ቤት ተቀምጬ ቀረሁ። ሁለታችንም ቀረን። አንተ ስለፈራህ ግን እኔ ሁለተኛ አልቀርም።»

ታዲዎስ መሳቢያውን ከፍቶ ፓስፖርቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። እጇ ላይ አልሰጣትም። እሷም ራሷ አነሳችው።

ቲኬቷን በዚያው ቀን ቆረጠች። የሄደች ለት ታዲዎስ ኤርፖርት አደረሳት፤ መንገዱን ሙሉ አላናገራትም። ሻንጣዋን ሲያወርድላት ብቻ «መድኃኒትሽን ይዘሻል?» አላት። ይዛለች።

ናይሮቢ ላይ ተሳሳተች። የባቡር ቲኬቷን የቆረጠችው ለማግስቱ ኖሮ ጣቢያው አላስገባም አላት። ሻንጣዋ ላይ ተቀምጣ ትንሽ አለቀሰች። ስልኳን አውጥታ የታዲዎስን ቁጥር አየችና መልሳ ከተተችው። ከዚያ ጣቢያው በር ላይ ያለችውን ፖሊስ በዚያው በስልከኛ እንግሊዝኛዋ ማደሪያ ጠየቀች፤ ፖሊሷም አንድ ንጹሕ የእንግዳ ማረፊያ አሳየቻት። በማግስቱ ከባቡሩ መስኮት ዝሆን ስትፈልግ ውላ ያየችው አህያ ብቻ ነው።

ሞምባሳ ስትደርስ ሻንጣዋን ሆቴል ጥላ በቀጥታ ወደ ባሕሩ ሄደች። ነፋስ ነበር። ጫማዋን በአንድ እጇ፣ ቀሚሷን በሌላው ይዛ እስከ ጉልበቷ ገባች። አንድ ማዕበል መጣና ጣላት። ዳር ቆመው የነበሩ ሴት ተማሪዎች እየጮኹ ሊያነሷት ሮጡ፤ አንዷም ክንዷን ይዛ ወደ ደረቁ አሸዋ ትጎትታት ጀመር።

ሀብትነሽ ክንዷን አስለቀቀች። ጨዋማውን ውሃ ከአፏ ተፋች፤ ጫማዋን ለልጅቷ አስያዘችና ቀሚሷን በሁለት እጇ ሰብስባ እንደገና ገባች።