ጭራሮ አይመለስም

ልብስ ሰፊዋ ቡችላውን ከእንስሳት መጠለያው የወሰደችው ሦስት ቤት ተሰጥቶ ሦስቴ መመለሱን እያወቀች ነው። የመጠለያው ሠራተኛ ምንም አልደበቃትም። ሰው ይፈራል፣ ብቻውን ሲተዉት ያለማቋረጥ ይጮኻል፣ መጥረጊያ ካየ ደግሞ ባለበት ይሸናል አላት።

“አራተኛዋ መላሽ እኔ አልሆንም” አለችና በሹራቧ ጠቅልላ ይዛው ሄደች። አጥንቱ ስለሚቆጠር ጭራሮ አለችው።

ጭራሮ ቤት እንደገባ አልጋ ሥር ተወሸቀ። በሦስተኛው ቀን ብቅ ቢልም የስፌት መኪናው ድምፅ ሲነሳ እየተንቀጠቀጠ ተመልሶ ገባ። መተዳደሪያዋ ደግሞ ያው መኪና ነው። ገበያ ስትወጣ ጩኸቱ ከሦስተኛ ፎቅ እስከ መንገዱ ይሰማል። አንድ ቀን ስትመለስ ለደንበኛ የቆረጠችውን ቀሚስ እጅጌ ቦጫጭቆ፣ እላዩ ላይ ተኝቶ አገኘችው።

በሳምንቱ የሕንፃው ተቆጣጣሪ መጣ። ጎረቤት ተማሯልና በሁለት ሳምንት ውስጥ ወይ ውሻው ዝም ይበል ወይ ይውጣ ብሏት ሄደ። ይህንኑ የሰማው ታላቅ ወንድሟም በማግስቱ ከተፍ አለ። ጡረታ የወጣ የአውቶብስ ሹፌር ነው፤ ሲናገር እስከዛሬ የመጨረሻው ወንበር ላይ ላለ ተሳፋሪ የሚያሰማ ይመስላል። ባሏ ከሞተ ወዲህ ሥራሽን ተዪ፣ ቤትሽን ልቀቂ፣ እኔ ጋ ግቢ እያለ ሲነዘንዛት ኖሯል። አሁን ደግሞ ውሻውን መልሺ አላት።

“ጋሼ፣ እስከዛሬ ስትናገር ዝም ብዬ ሰምቼሃለሁ” አለችው። “ይሄን ግን አልሰማህም።”

“ለቡችላ ብለሽ ከሰው ልትጣዪ ነው?”

“ካስፈለገ እጣላለሁ።”

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሥራዬ ብላ ያዘችው። የስፌት መኪናውን ፔዳል አንዴ ትረግጥና ቁራጭ ሥጋ ትወረውርለታለች፤ ሁለቴ ትረግጥና ሌላ። በአምስተኛው ቀን ሙሉ ጠርዝ ስትሰፋ ጭራሮ ከእግሯ ሥር ሆኖ ሥጋውን ይጠብቅ ነበር። ብቻውን መሆን እንዲለምድ ደግሞ ካፖርቷን ለብሳ ትወጣና አምስት ቆጥራ ትመለሳለች፤ ቀጥሎ አሥር፣ ቀጥሎ ሃምሳ። ደረጃው ላይ ቆማ ስትቆጥር ያዩዋት ጎረቤቶች ለየላት ተባባሉ። ሰማቻቸው፤ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ቆጠራዋን ቀጠለች። የመጥረጊያ ፍርሃቱን ግን ልታስለቅቀው አልቻለችም፤ መጥረጊያዋን ቁም ሣጥን ውስጥ ቆለፈችበት።

ወንድሟ ሊያግባባት ሲመለስ ጫማህን አውልቅ፣ ጀርባህን ሰጥተኸው መሬት ላይ ተቀመጥ አለችው። ጉልበቱን እያማረረ ተቀመጠ። ግማሽ ሰዓት ያህል ቆይቶ ጭራሮ ቀስ እያለ መጣ፣ ካልሲውን አሸተተና አገጩን እግሩ ላይ ጣል አደረገ።

“አሁን ምን ላድርግ?” አለ ሹፌሩ በሹክሹክታ። እንዲህ ዝቅ አድርጎ ሲናገር ሰምታው አታውቅም።

“ምንም። እንዳትነቃነቅ።”

ቀነ ገደቡ ሲደርስ፣ ወንድሟም እሷው ጋ ሳለ፣ ተቆጣጣሪው ደረጃ ሲያስጠርግበት የነበረውን መጥረጊያ እንደያዘ በሩን አንኳኳ። ጭራሮ አየውና እየተንቀጠቀጠ ከእመቤቱ ቀሚስ ኋላ ገባ። ከዚያ ግን አንገቱን ብቅ አድርጎ ጮኸበት።

“ይኸው!” አለ ተቆጣጣሪው።

“በዱላ ያደገ ነው፤ እርስዎ ደግሞ ዱላ ይዘው በሬ ላይ ቆመዋል” አለችው። “እሱን ያስቀምጡና ይፍረዱ።”

ሰውየው መጥረጊያውን ከበሩ ጎን፣ ውሻው ከማያይበት አቆመው፤ ጭራሮም ዝም አለ። ያኔ ካፖርቷን ለበሰች፣ ወንድሟን አስወጣች፣ በሩንም ቆለፈችው። ሦስቱም ደረጃው ላይ ሩብ ሰዓት ቆሙ። ከውስጥ ትንፍሽ የሚል አልነበረም።

ተቆጣጣሪው ለጊዜው ይቆይ፣ ጩኸት ከሰማሁ ግን እመለሳለሁ አለ።

“ይምጡ። እኔም እሱም እዚሁ ነን” አለችው።

ሰውየው ወርዶ እስኪሰወር ጠብቃ ከፈተች። ጭራሮ ወለሉ መሃል ተጋድሞ የልብስ መለኪያ ሜትሯን ቆራርጦ ጨርሷል። ወንድሟ በሳቅ ፈርሶ በሩን ተደገፈ። እሷም ሳቋን ውጣ ቁርጥራጩን ለቀመች፤ ከሰዓት የመጣችውን ደንበኛ በክር ለካቻት።